ዮጋ ላይ ጣት የሚገጥሙት ለምንድን ነው?

አባይ ማዶ
ሰላም፣ ከባሕር ዳር ነኝ። ሥራዬ ልብስ ስፌት ነው። ቀኑን ሙሉ መኪና ላይ ስላጎነበስኩ ማታ ትከሻዬ እንደ ድንጋይ ይሆናል። ከሁለት ወር ወዲህ ዩቲዩብ ላይ እያየሁ ዮጋ ጀመርኩ፣ እንቅልፌ ተስተካክሎልኛል። ግን ዓይናቸውን ጨፍነው ሲቀመጡ አውራ ጣትና ሌባ ጣታቸውን ይገጥማሉ። እኔም አደርገዋለሁ፣ ለምን እንደሆነ ግን አላውቅም። እውነት ጥቅም አለው? እናቴ ደግሞ አይታኝ «የሌላ ሃይማኖት ጸሎት እንዳይሆን» ብላ ተጨንቃለች።

ማርቆሴው
እህቴ፣ ሙድራ ይባላል። በሳንስክሪት ማኅተም ወይም ምልክት ማለት ነው። ያንቺው ግያን ሙድራ ነው፣ የእውቀት እንደማለት። ቀኝ እጅ ግራ መዳፍ ላይ ተኝቶ አውራ ጣቶች ጫፍ ለጫፍ ሲነካኩ ድያና ይሉታል፣ የቡድሃ ሐውልቶች ላይ የምታዪው። እኛ ነፋስ፣ እሳት፣ ውሃ፣ መሬት ብለን አራቱን ባሕርያት እንደምንቆጥረው እነሱ ኅዋን ጨምረው አምስት ያደርጉና ለአምስቱ ጣት ያካፍሏቸዋል፤ አውራ ጣት እሳት፣ ሌባ ጣት ነፋስ ነው። ትምህርቱ ይሄ ነው። ግን «ይሄን ጣት ብትይዙ ስኳር ይድናል» የሚሉትን እባክሽ አትስሚ። መድኃኒቱን የሚያቆም ሰው ይኖራል።

የፍኖተ ሰላም ልጅ
እኔ ሦስት ዓመት ሠርቼዋለሁ። ጣቱ በራሱ አያድንም፣ ሐሳብ መያዣ ነው። የጣት ጫፍ ስሜቱ ኃይለኛ ነው፣ አንጎላችንም ለእጅ የሚሰጠው ቦታ ለጀርባ ከሚሰጠው በጣም ይሰፋል። አንቺ ሰፊ ነሽ፣ ጨርቁን ሳታዪ በጣትሽ ትለዪው የለ? ዛሬ ማታ ጥፍርሽ እስኪነጣ ሳትጫኚ፣ መርፌ እንደያዝሽ ያህል ለስለስ አድርገሽ ግጠሚ። ሐሳብሽ ወደ ደንበኛ ቀሚስ ሲሄድ ጣቶችሽ ሳታውቂው ይላቀቃሉ። ያኔ ተመልሰሽ ትገጥሚያለሽ። ለኔ ጥቅሙ ይኸው ነው።

እትዬ ደጀን
ልጄ፣ የእናትሽን ጭንቀት አታቃልዪው። መነሻው የሂንዱና የቡድሃ እምነት ነው፣ አትደብቂያት። መዳፍሽን ጉልበትሽ ላይ ዘርግተሽ በቀስታ ብትተነፍሺም ትከሻሽ የሚቀርበት ነገር የለም። አያቴ ማታ ማታ 41 እግዚኦታ የምታደርሰው በጣቷ አንጓ እየቆጠረች ነበር። አውራ ጣቷ ከአንጓ አንጓ ሲሄድ ይታየኛል፣ ቁጥሩ ከጠፋባት እንደገና ከአንድ ትጀምር ነበር። እምነቱ ሌላ ነው፣ ግን እጅ ልብ እንደሚሰበስብ ያየሁት ከእሷ ነው።

አባይ ማዶ
ተባረኩልኝ። ትናንት ሞከርኩት፣ በአሥር ደቂቃ ሰባት ጊዜ ተላቀቀ፣ ሁሉንም ያወቅኩት ከተላቀቀ በኋላ ነው። ለእናቴም አነበብኩላት። የእትዬን ስትሰማ የራሷን ጣት አየት አደረገች፣ እሷም በአንጓዋ ነው የምትቆጥረው። መዳፌን ዘርግቼ ብቀመጥ ደስ ይላታል፣ እንደሱ አደርጋለሁ።