46 ልጆች፣ አንድ ደን፣ ግማሽ ቀን፦ ምን ላስተምራቸው?

መምህርቷ፦
ሰላም ለሁላችሁም። የአራተኛ ክፍል የሳይንስ መምህርት ነኝ። በሚቀጥለው ወር 46 ተማሪዎቼን ይዤ ጅረት ወዳለበት ጥብቅ ደን ልሄድ ነው። ያለን ጊዜ ግማሽ ቀን ብቻ ነው።

ባለፈው ዓመት ሌላ ክፍል ሲሄድ አብሬ ነበርኩ። አስጎብኚው ከበሩ ጀምሮ የዛፍ ስም ሲዘረዝር፣ ከዚያ ስለ ደን ጭፍጨፋና ስለ ዓለም ሙቀት መጨመር ሲያስረዳ ዋለ። ከኋላ ያሉት አይሰሙም። ከፊት ያሉት ይሰማሉ፣ ዓይናቸው ግን መሬት ላይ ነው። ጉንዳን ለማየት ጎንበስ ያለ አንድ ልጅ «ተሰለፍ!» ተባለ። በማግስቱ ስለ ጉዞው ጻፉ ስንላቸው አብዛኞቹ የጻፉት ስለ አውቶቡሱ ነው።

አሁን 20 ዛፎችን የያዘ ወርክሺት አዘጋጅቻለሁ፤ እውነቱን ለመናገር ራሴም አላመንኩበትም። ርእሰ መምህሩ ደግሞ የጉዞውን የትምህርት ዓላማ በጽሑፍ ይፈልጋሉ። በሥራው ያለፋችሁ እስቲ ምከሩኝ።

ደብተር_ወዳዱ፦
ወርክሺቱን እንዳትተዪው! ልጅ ባዶ እጁን ጫካ ከገባ መሯሯጥ ነው ሥራው። እኔ ሰባተኛ ክፍል ነው የማስተምረው፤ የሚሞሉት ነገር ሲኖር ይረጋጋሉ። 20 ግን በዛ፣ አምስት ይበቃል።

የደን_ዳር፦
ብዙ ዓመት የትምህርት ቤት ቡድኖችን እየተቀበልኩ ደን ውስጥ ሳስተምር ኖሬ አሁን ጡረታ ላይ ነኝ። ጊዜ ስላለኝ ባስረዝም አትቆጡኝ።

እህቴ፣ ያ ጉንዳን ያየው ልጅ ትምህርቱን ጀምሮ ነበር። ያቋረጠው «ተሰለፍ» ያለው ሰው ነው። ልጆች ለማየት ይመጣሉ፣ አስጎብኚ ለመናገር ይመጣል፤ ጠቡ ይሄው ነው።

ሥራው የሚጀምረው ከመሄዳችሁ በፊት ነው። ልጅ አዲስ ቦታ ሲገባ ሐሳቡን የሚይዘው ቦታው ራሱ ነው፦ ሽንት ቤቱ የት ነው፣ እባብ አለ ወይ፣ ከማን ጋር ነው የምመደበው። ፋልክ፣ ማርቲንና ባሊንግ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1978 ባሳተሙት ጥናት፣ ቦታው እንግዳ ሲሆንባቸው ልጆች የታቀደላቸውን ትምህርት ለመቀበል እንደሚቸገሩ አሳይተዋል። መፍትሔው ቀላል ነው። ቀድመሽ ሂጂና ፎቶ አንሺ፤ በሩን፣ መንገዱን፣ ሽንት ቤቱን፣ ጅረቱን ክፍል ውስጥ አሳዪያቸው። ስትደርሱም የመጀመሪያውን ሩብ ሰዓት ልቀቂያቸው። ከዓይንሽ አይራቁ እንጂ ምንም አትዘዢያቸው።

ከዚያ ቦታውን አጥብቢው። «ደን» ለልጅ በጣም ትልቅ ነገር ነው፣ የቱን ይዞ የቱን ይልቀቅ? ለአምስት ለአምስት ልጆች የአራት ሜትር ገመድ ስጪ፤ አራት ማዕዘን አድርገው መሬት ላይ ሲዘረጉት አንድ ካሬ ሜትር ይወጣዋል። ጥያቄውም አንድ ብቻ ይሁን፦ እዚህ ውስጥ ስንት ዓይነት ሕይወት ያለው ነገር አለ? የወደቀውን ቅጠል ነጭ ጨርቅ ላይ ያራግፉት። እግር ይቁጠሩ። ስድስት ከሆነ ነፍሳት ነው፣ ስምንት ከሆነ ወደ ሸረሪት ወገን ነው እያሉ ሲሄዱ፣ እርጥብ ቦታ ከሆነ አንዱ «አሥራ አራት!» ብሎ መጮኹ አይቀርም። ድንጋይ ሥር የሚኖረው፣ ሲነኩት አንዳንዱ ጥቅልል የሚለው ግራጫ ፍጥረት ነው። ነፍሳት አይደለም፣ የሸርጣን ዘመድ ነው፤ የሚተነፍሰውም ከስንጥብ (ዓሣ ውሃ ውስጥ ከሚተነፍስበት ዓይነት አካል) በመጣ ነገር ስለሆነ እርጥበት ካጣ ይሞታል። የባሕር ዘመድ ቅጠል ሥር ምን ይሠራል? ይህን ጥያቄ ለልጆቹ ትተሽላቸው ዞር በይ።

46ቱን ለሁለት ክፈያቸው፤ ግማሹ ገመድ ጋ፣ ግማሹ ጅረቱ ጋ፣ ከዚያ ይቀያየሩ። ለጅረቱ ውሃው ጥልቀት የሌለበትንና ቀስ ብሎ የሚወርድበትን ቦታ ምረጪ። አንዱ መረቡን ከታች በኩል ይይዛል፣ ሌላው ከላይ በኩል ድንጋዮቹን በእጁ ያሻሻል፣ የተያዘው ነጭ ትሪ ላይ ከትንሽ ውሃ ጋር ይገለበጣል። መጀመሪያ ምንም የለም ይላሉ። ትንሽ ይቆዩና ትሪው መንቀሳቀስ ይጀምራል። ከኋላዋ ሦስት ቀጭን ክር የወጣላት፣ በሆዷ ግራና ቀኝ ስንጥቧ የሚርገበገብ እጭ ካገኙ ሜይፍላይ የምትባል ነፍሳት ናት፤ እሷና ዘመዶቿ በብዛት የሚገኙት ኦክስጅን በሞላበት ንጹሕ ውሃ ነው። ትሪው በደማቅ ቀይ እጮች ብቻ ከተሞላ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ቅላታቸው እንደ እኛ ደም ኦክስጅን ከሚይዘው ከሄሞግሎቢን የመጣ ነው፤ ኦክስጅን ባጠረበት ውሃ እንዲኖሩ የሚያግዛቸውም እሱ ነው።

ስለ ብክለት የምታወሪው እዚህ ላይ ነው፤ ማስረጃው ትሪው ላይ ተቀምጧል። ከዚያ በፊት ስለሚጠፋ ደንና ስለሚሞት እንስሳ ለዘጠኝ ዓመት ልጅ መስበክ አልወድም። ገና ያላወቀውን ነገር ሐዘን ማሸከም ነው።

ደብተር ወዳዱ ባለው በግማሹ እስማማለሁ፤ እጃቸው ባዶ አይሁን። ግን ማጉያ መነጽር ይያዙ። ወረቀት ስትሰጪ አንዱ ጎበዝ ይሞላል፣ አራቱ ከእሱ ይገለብጣሉ፣ ዛፉን የሚያየው የለም።

አዋቂን በተመለከተ፣ ለእያንዳንዱ ቡድን አንድ ቋሚ ሰው መድቢ፤ ሥራውንም ቀድመሽ ንገሪው። ሥራ ያልተሰጠው ወላጅ ወይ ስልኩን ያወጣል ወይ መልሱን ለልጆቹ ይነግራል። ሁለተኛው ይብሳል! ቦታ በቀየራችሁ ቁጥር ቆጠራ አይቀርም። ንብ ሲነድፈው የሚያብጥ ወይም አስም ያለበት ልጅ መድኃኒቱ አብሮት ባለው አዋቂ ቦርሳ ውስጥ ይሁን፣ አውቶቡስ ላይ አይቅር። ከጅረቱ ሲወጡ እጅ መታጠብ።

የሁለት_ልጆች_እናት፦
አንድ ነገር ልጨምር። ትልቋ ልጄ በተሽከርካሪ ወንበር ነው የምትንቀሳቀሰው። በአንድ ጉዞ ላይ መንገዱ ስለማይመች ተብሎ ከሹፌሩ ጋር እንድትጠብቅ አደረጓት፤ እስካሁን ታነሳዋለች። በሌላ ጊዜ ይዛቸው የሄደች መምህርት ግን ትሪዎቹን ሁሉ መንገድ ዳር ጠረጴዛ ላይ አስደረገች። ልጆቹ ከጅረቱ ያመጣሉ፣ የእኔ ልጅ በማጉያ መነጽር እያየች ትለያለች። የያዘውን ሊያሳያት ሁሉም ወደ እሷ ነበር የሚሮጠው። እባክሽ ጠረጴዛ አዘጋጂ። ሌላው፣ ትል የሚፈራ ልጅ ካለ በግድ ንካ አትበሉት። ታናሹ እንደዚያ ነው፤ ራቅ ብሎ እየሳለ ነው የለመደው።

መምህርቷ፦
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ፣ የጠረጴዛው ነገር በጭራሽ አልታየኝም ነበር። ጋሼ፣ ሁለት ነገር ልጠይቅዎት። ያገኙትን ወደ ቤት እንውሰድ ቢሉኝ ምን ልበላቸው? የርእሰ መምህሩን ወረቀትስ ምን ብዬ ልሙላው?

የደን_ዳር፦
የተያዘው ሁሉ ከወጣበት ቦታ ይመለሳል። ይህን ሲያዝኑ አትንገሪያቸው፣ ገና ስትጀምሩ ደንብ አድርጊው። ድንጋይ የገለበጠም እንደነበረ ይመልሳል፤ ሥሩ ላሉት ያ ጨለማና እርጥበት ቤታቸው ነው። ትሪውም ፀሐይ ላይ አይቆይ፤ ውሃ ሲሞቅ የሚይዘው ኦክስጅን ስለሚቀንስ እጮቹ ይታፈናሉ። ለመውሰድ የሚያለቅስ ካለ ሥዕሉን ይውሰድ።

ስለ ወረቀቱ፣ ዩኔስኮ ከተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ፕሮግራም ጋር ሆኖ እ.ኤ.አ. በ1977 ጆርጂያ ውስጥ ባለችው ተብሊሲ ከተማ ባካሄደው ጉባኤ የአካባቢ ትምህርት ዓላማዎች በአምስት ተከፍለው ተቀምጠዋል፦ ግንዛቤ፣ ዕውቀት፣ አመለካከት፣ ክህሎትና ተሳትፎ። አብዛኛው ጉብኝት ዕውቀት ላይ ብቻ ይቆማል፣ እሱም ቢያዝ ነው። አንቺ ግን በግማሽ ቀን አምስቱንም አሳካለሁ ብለሽ አትፈርሚ። ግንዛቤና ክህሎት በይና እንዲህ ጻፊ፦ «ተማሪው በአንድ ካሬ ሜትር ውስጥ ያገኛቸውን ፍጥረታት በእግራቸው ብዛት ይመድባል።» ርእሰ መምህር የሚለካ ነገር ይወዳል። ተሳትፎም ይኑር ካሉ ያው ገመድ ትምህርት ቤቱ ግቢ ጥግ ላይ ይዘርጋ፤ በየወሩ እዚያው ቦታ ይቆጠር፤ ለምን በዛ፣ ለምን ቀነሰ ይባል። ለዚህ አውቶቡስም ፈቃድም አያስፈልግም።

ደብተር_ወዳዱ፦
የግቢውን ገመድ ሰባተኛ ክፍል ላይ እሞክረዋለሁ፣ የየወሩ ቆጠራ ለግራፍ ትምህርትም ይሆነኛል። ወረቀት ግን እሰጣለሁ ጋሼ፣ ይቅርታዎን!