የሰፈራችን የጎርፍ መውረጃ ጉዳይ፦ የሚወስነው የወረዳው ምክር ቤት ነው ወይስ የወረዳው አስተዳደር?

ጥያቄ — «ከሜዳው ሰፈር»፣ ኅዳር 2017 ዓ.ም.

ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው በአዲስ አበባ ደቡባዊ ጫፍ፣ ከቃሊቲ አልፎ ባለው ሜዳ ላይ በቆመ አዲስ ሰፈር ውስጥ ነው። መሬቱ ዋልካ ስለሆነ በበጋ እጅ በሚያስገባ ስንጥቅ ይከፋፈላል፤ ክረምት ሲገባ ደግሞ ያብጥና ውኃ አላሰርግ ይላል። ከላይ ካሉት ሰፈሮች የሚወርደው የዝናብ ውኃ በአንድ ጠባብ የአፈር ቦይ በመካከላችን ያልፋል፤ ሐምሌና ነሐሴ ላይ ቦዩ እየሞላ ወደ ሰባት ግቢዎች ይገባል። ባለፈው ክረምት የአንዲት ጎረቤታችን የዓመት ቀለብ፣ ጤፉም በርበሬውም፣ በአንድ ሌሊት ረጥቦ ተበላሽቷል።

ከሁለት ዓመት በፊት 64 አባወራዎችና እማወራዎች ፈርመንበት ለወረዳው ማመልከቻ አስገብተናል። ደብዳቤው በመዝገብ ቤት ገቢ ሆኖ ቁጥር ተሰጥቶታል። ከዚያ ወዲህ ግን ለመከታተል በሄድን ቁጥር ከወረዳው አስተዳደር የሚሰጠን መልስ «በምክር ቤቱ በጀት አልጸደቀለትም» የሚል ሲሆን፣ ወደ ምክር ቤቱ ጽሕፈት ቤት ስንሄድ ደግሞ «ይህ የአስፈጻሚው ሥራ ነው፤ እኛ ቦይ አንቆፍርም» እንባላለን። ሁለቱ ቢሮዎች በአንድ ሕንፃ ውስጥ፣ በአንድ ኮሪደር ላይ ናቸው።

ልምድ ያላችሁ ሰዎች እንድትነግሩኝ የምፈልገው እንዲህ ያለውን ጉዳይ በትክክል የሚወስነው ማን እንደሆነና ነዋሪው በየትኛው ወቅት ቢያቀርበው ሊሰማ እንደሚችል ነው። ከዚህም ሌላ፣ አንዳንድ ጎረቤቶቻችን «ገንዘብ አዋጥተን ራሳችን እንሥራው» እያሉ ስለሆነ በዚህም ላይ ምክራችሁን እሻለሁ።

መልስ — «የቀድሞ የጉባኤ ጸሐፊ»

እኅቴ፣ ሁለቱም ቢሮዎች የነገሩሽ ግማሽ ግማሹን እውነት ነው። እኔ በሌላ ወረዳ የምክር ቤት ጽሕፈት ቤት ውስጥ ቃለ ጉባኤ እየያዝኩ ለዓመታት አገልግያለሁና፣ ከዚያ ወንበር ላይ ሆኜ ያየሁትን ልንገርሽ።

ምክር ቤት ቦይ አይቆፍርም፤ ቆፋሪም አይቀጥርም። ሥራው የወረዳውን ዓመታዊ ዕቅድና በጀት መርምሮ ማጽደቅ፣ አስፈጻሚው የሚያቀርበውን ሪፖርት መስማትና መጠየቅ ነው። ዕቅዱን አዘጋጅቶ የሚያቀርበው አስተዳደሩ ነው። ስለዚህ «ምክር ቤቱ አላጸደቀውም» ስትባዪ፣ ቀድሞ መጠየቅ ያለበት «ለመሆኑ ለምክር ቤቱ በቀረበው ዕቅድ ውስጥ ነበረ ወይ?» የሚለው ነው። በእኔ ልምድ ከአሥር ማመልከቻዎች ዘጠኙ ምክር ቤት ፊት ቀርበው ውድቅ የተደረጉ አልነበሩም፤ በባለሙያ ጠረጴዛ ላይ «ይታይ» የሚል ምሪት ተጽፎባቸው የቀሩ ነበሩ። ያልቀረበለትን ነገር አላጸደቅህም ተብሎ የሚወቀስ ምክር ቤት ብዙ አይቻለሁ፤ በዚያው ልክ፣ አባላቱ በየሰፈራቸው በዓይናቸው የሚያዩትን ችግር «በዕቅዱ ውስጥ ለምን የለም?» ብለው ሳይጠይቁ እጅ አውጥተው የሚወጡበትን ጉባኤም አይቻለሁ።

ወቅቱን በተመለከተ፣ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። የመንግሥት የበጀት ዓመት ሐምሌ 1 ቀን ተጀምሮ ሰኔ 30 ቀን ይዘጋል። የጎርፍ አቤቱታ ደግሞ ባሕርዩ ሆኖ የሚመጣው ዝናቡ ሲመጣ ነው፤ ሰኔ አጋማሽ ላይ ጽሕፈት ቤታችን ጫማቸው በጭቃ በተለወሰ አመልካቾች ይሞላ ነበር። በዚያን ጊዜ የመጪው ዓመት ዕቅድ ተጠናቅቆ ወደ ላይ ተልኳል። ስለዚህ የሰኔ አቤቱታ ቢፈጥን የሚታየው በቀጣዩ ዓመት ዕቅድ ነው፤ ቀጣዩ ዕቅድ በሚዘጋጅበት በበጋ ወራት ደግሞ ቦዩ ደርቆ፣ አቧራ ለብሶ፣ ማንም አያስታውሰውም። አሁን ኅዳር ላይ መጠየቅሽ መልካም አጋጣሚ ነው። ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ባለው ጊዜ ጉዳዩ በወረዳው የዕቅድ ሰነድ ውስጥ በስም፣ በቦታና በርዝመት እንዲገባ ተከታተሉ። «የፍሳሽና የመንገድ ሥራዎች» በሚል ጥቅል ርዕስ ውስጥ አለ ብትባሉ አትመኑ፤ በጥቅል ርዕስ የገባ ነገር ለማንም ሰፈር የገባ አይደለም።

ከዚህ ጎን ለጎን የምክር ቤቱን ቋሚ ኮሚቴ ያዙ። ቋሚ ኮሚቴ ማለት በጉባኤዎች መካከል የአስፈጻሚውን ሥራ የሚከታተል፣ ቦታ ድረስ ሄዶ የማየት ሥልጣን ያለው አካል ነው። ለኮሚቴው ሰብሳቢ በጽሑፍ አመልክታችሁ ቦታውን እንዲያዩ ጋብዟቸው። ካዩት በኋላ የመስክ ምልከታ ሪፖርት ይጽፋሉ፤ ያ ሪፖርት ለጉባኤ ሲቀርብ አስፈጻሚው መልስ መስጠት ግድ ይሆንበታል፤ መልሱም በቃለ ጉባኤ ይሰፍራል። ቃለ ጉባኤው ላይ «ሰፊ ውይይት ተደርጎበታል» የሚል ሐረግ ካነበባችሁ ምንም አልተወሰነም ማለት ነው። እኔም ስንት ጊዜ ጽፌዋለሁ! ከዚህ ይልቅ ማን፣ ምን፣ እስከ መቼ እንደሚፈጽም የተጻፈበት መስመር እንዲኖር የምታውቁትን የምክር ቤት አባል አስቀድማችሁ አነጋግሩ። አባላቱ መምህራን፣ ነጋዴዎችና የመንግሥት ሠራተኞች ናቸው፤ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በሰፈራቸው ይገኛሉ።

«ይህን የመጠየቅ መብት አለን ወይ?» ለሚል ጎረቤት፣ የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 50 ንዑስ አንቀጽ 4 ሕዝቡ በቀጥታ ይሳተፍ ዘንድ ለዝቅተኛ የአስተዳደር እርከኖች በቂ ሥልጣን እንደሚሰጥ ይደነግጋል። የአዲስ አበባ ቻርተር፣ ማለትም አዋጅ ቁጥር 361/1995፣ ከተማዋን በየእርከኑ ምክር ቤት እንዲኖራት አድርጎ ያዋቀረውም በዚሁ መንፈስ ነው።

መልስ — «የዕድር ዳኛ»

የጉባኤ ጸሐፊው የተናገሩት ትክክል ነው፤ ይሁን እንጂ በወረቀት ላይ የሚታየውን ያህል ቀጥ ያለ መንገድ አይደለም። እኛም በምሥራቁ ጫፍ ሦስት ዓመት ዕቅድ ውስጥ አስገቡን እያልን ተመላልሰናል። በአራተኛው ዓመት ሥራው ሊጀመር የቻለው የሰፈሩ ሰው የወጪውን ድርሻ እንደሚሸፍን በጽሑፍ ካሳወቀ በኋላ ነው። በሕዝብ ተሳትፎ ለሚሠራ የውስጥ ለውስጥ መንገድና ቦይ፣ የነዋሪው መዋጮ አስቀድሞ በባንክ መግባቱ ጉዳዩን ከሌሎች ሰፈሮች ጉዳይ በፊት እንደሚያስነሳው ያላየ የለም። ለከተማዋ ለ2017 በጀት ዓመት የጸደቀው በጀት ከ230 ቢሊዮን ብር በላይ መሆኑን ሁላችንም ሰምተናል፤ ከዚያ ውስጥ ለእኛ ሁለት መቶ ሜትር ቦይ የሚደርሰውን ቁጭ ብለን ብንጠብቅ ኖሮ ዛሬም ውኃ ስንቀዳ እንገኝ ነበር።

ነገር ግን ስለ ገንዘቡ አጥብቄ የምለው አለኝ። ለማንም ግለሰብ፣ የኮሚቴ አባልም ይሁን የወረዳ ሠራተኛ፣ በእጅ ጥሬ ገንዘብ አትስጡ። እኛ በመጀመሪያው ዙር ያሰባሰብነው ገንዘብ በሁለት ሰዎች እጅ ቆይቶ፣ የሲሚንቶ ዋጋ ጨመረ፣ አሸዋ ጠፋ በሚል ሰበብ ሂሳቡ ሳይወራረድ ቀርቷል፤ ሰዎቹ ሌቦች ናቸው ባልልም፣ ሁለት ቤተሰቦች ዛሬም ድረስ ለቅሶ አይደራረሱም። በሁለተኛው ዙር በዕድሩ ስም ሌላ የባንክ ሂሳብ ከፍተን፣ በሦስት ሰው ጣምራ ፊርማ ብቻ እንዲንቀሳቀስ አደረግን፤ ለእያንዳንዱ ከፋይም ተከታታይ ቁጥር ያለው ደረሰኝ ቆረጥን። መክፈል ለማይችሉት አራት ቤቶች ጉልበት እንዲያዋጡ ተስማማን። ለልቅሶ የተቋቋመውን የዕድር ገንዘብ ግን ፈጽሞ አልነካንም፤ እናንተም እንዳትነኩ።

መልስ — «የመንገድ ባለሙያ»

ሁለቱ አስተያየት ሰጪዎች ያላነሡትን አንድ ነገር ላንሣ። ከማመልከቱ በፊት ቦዩ የማን እንደሆነ መታወቅ አለበት። በዋና መንገድ ጠርዝ ያለ የዝናብ ውኃ መውረጃ የአዲስ አበባ ከተማ መንገዶች ባለሥልጣን ጉዳይ ነው። ከመጸዳጃና ከማእድ ቤት የሚወጣው ፍሳሽ የውሃና ፍሳሽ ባለሥልጣን ነው። በሰፈር ውስጥ ያለ የውስጥ ለውስጥ ቦይ ደግሞ በወረዳና በክፍለ ከተማ ደረጃ የሚታይ ነው። ማመልከቻው ለተሳሳተው አካል ከተጻፈ ሳይመለስ ይቀራል፤ የተሳሳተው አካል «የእኔ አይደለም» ብሎ የመመለስ ልማድ ስለሌለው።

ከዚያም አፈሩ አለ። ዋልካ ላይ ተራ የድንጋይ ግንብ ቦይ ቢሠራ፣ አፈሩ ክረምት ሲያብጥና በጋ ሲኮማተር ግንቡ በአንድ ዓመት ውስጥ ይሰነጠቃል። ዋልካው በሚፈለገው ጥልቀት ተቆርጦ ወጥቶ፣ በገረጋንቲ ተተክቶና በየደረጃው ተጠቅጥቆ ነው ግንቡ መነሣት ያለበት። ይህ ወጪውን ከፍ ያደርጋል፤ ስለዚህ መዋጮ ከመተመናችሁ በፊት በባለሙያ የተዘጋጀ የሥራ ዝርዝርና የዋጋ ግምት እንዲሰጣችሁ ጠይቁ። በግምት ተነሥተው መሠረቱን ሲጨርሱ ገንዘቡ ያለቀባቸው ሰፈሮች አሉ።

ትልቁ ጥያቄ ግን ውኃው ከእናንተ ሰፈር ወጥቶ የት ይደርሳል የሚለው ነው። የከተማዋ መሬት ከእንጦጦ ወደ አቃቂ ሜዳ የሚያዘነብል በመሆኑ፣ የላይኛው ሰፈር አስፋልትና ጣሪያ በበዛ መጠን የሜዳው ጎርፍ ይጨምራል። እናንተ ቦዩን ገንብታችሁ ውኃውን ብታፈጥኑት ከበታቻችሁ ያለው ጎረቤት ቤት ይገባል። ከበታቻችሁ ያለው ደግሞ በሌላ አስተዳደር ሥር ሊሆን ይችላል። በዳርቻው ላይ ያለን ሰዎች ወሰኑ በነሐሴ 2014 በአዲስ አበባና በኦሮሚያ ክልል ስምምነት መለየቱን፣ በ2015 ደግሞ እንደ ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ ያሉትን በዙሪያው የነበሩ ከተሞች ያካተተው ሸገር ከተማ መመሥረቱን እናውቃለን። ውኃ ግን ወሰን አይጠይቅም። መውጫው ወሰን የሚሻገር ከሆነ ወረዳው ብቻውን አይፈታውም፤ በክፍለ ከተማው በኩል ወደ ከተማ ደረጃ ከፍ ብሎ፣ ሁለቱ አስተዳደሮች እንዲነጋገሩበት ማድረግን ይጠይቃል። ይህን ከወዲሁ በማመልከቻው ጥቀሱት።

መልስ — «አንባቢ»

በአጭሩ፣ ደብዳቤያችሁ የት እንደደረሰ ለማወቅ መለመን አያስፈልግም። የመረጃ ነፃነትን የሚደነግገው አዋጅ ቁጥር 590/2000 የመንግሥት አካል ለቀረበለት የመረጃ ጥያቄ ቢበዛ በ30 ቀናት ውስጥ መልስ እንዲሰጥ ያስገድዳል። ጥያቄውን በጽሑፍ ለሕዝብ ግንኙነት ኃላፊው አቅርባችሁ ቀኑን ቁጠሩ። መልስ ከታጣ ለተቋሙ የበላይ ኃላፊ፣ ከዚያም ለእንባ ጠባቂ ተቋም አቤት ማለት ይቻላል።

የጠያቂዋ ምላሽ — «ከሜዳው ሰፈር»፣ ከሁለት ሳምንት በኋላ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ፤ በተለይ ጋሼ የዕድር ዳኛው ስለ ሂሳቡ የጻፉት በሰፈራችን ስብሰባ ላይ ተነቦ፣ ወዲያው ሦስት ፈራሚዎች መርጠናል።

ደብዳቤያችንን አግኝተነዋል። መዝገብ ቤት ቁጥሩን ሰጥተን ሲፈለግ፣ ከወረዳው ወጥቶ ከአንድ ዓመት ከስምንት ወር በፊት ፍሳሽን ለሚመለከተው መሥሪያ ቤት መላኩ ታወቀ። ምክንያቱ የእኛው ጽሑፍ ነው፤ ርዕሱን «የፍሳሽ ማስወገጃ እንዲሠራልን ስለመጠየቅ» ብለን ስለጻፍነው፣ መሪው ኃላፊ የመጸዳጃ ፍሳሽ መስሏቸው ወደዚያ መርተውታል። በዚህ ሁሉ ጊዜ ስለ እኛ ጉዳይ በወረዳው ውስጥ ምንም ወረቀት አልነበረም፤ «ምክር ቤቱ አላጸደቀውም» ሲሉን የነበሩትም ፋይሉን ሳያዩ እንደነበር ግልጽ ሆነልን። አሁን «የዝናብ ጎርፍ መውረጃ ቦይ» ብለን፣ ርዝመቱን በገመድ ለክተን፣ መውጫውንም ጠቅሰን እንደገና ጽፈናል። የቋሚ ኮሚቴው ሰብሳቢም ለሚቀጥለው ማክሰኞ ቦታውን ለማየት ቀጠሮ ሰጥተውናል።

አንድ ጥያቄ ለጉባኤ ጸሐፊው፦ ከቀድሞዎቹ 64 ፈራሚዎች አሥራ አንዱ ቤታቸውን ሸጠው ሄደዋል፤ አዲስ ፊርማ እናሰባስብ ወይስ በአሮጌው እንቀጥል?

መልስ — «የቀድሞ የጉባኤ ጸሐፊ»

አዲስ ፊርማ አሰባስቡ፤ ነገር ግን የአሮጌውን ደብዳቤ ቁጥርና ቀን በአዲሱ የመጀመሪያ አንቀጽ ላይ ጥቀሱ፤ ቅጂውንም አያይዙ። ያለዚያ የሁለት ዓመቱ ጥያቄ ተረስቶ እንደ ኅዳር አመልካች ትቆጠራላችሁ። ማክሰኞ ዕለት ደግሞ ኮሚቴው ሲመጣ ቦዩ ደረቅ ይሆናልና፣ ባለፈው ክረምት በስልክ ያነሣችኋቸው ፎቶዎች ካሉ አሳትማችሁ፣ ቀኑን ከጀርባቸው ጽፋችሁ ያዙ። በግድግዳ ላይ የቀረው የጭቃ ምልክትም እስከዚያው እንዳይቀባ ንገሯቸው።