ጥቆማ፦ የኮንጎ ሩምባ ከማን ይጀመር? እኔ ዘፋኙ ሳም ማንጉዋና ነው የምለው

ትናንት አንድ ልጅ የኮንጎ ሩምባ ከማን ልጀምር ብሎ ቢጠይቅ ሁላችሁም ፍራንኮ ፍራንኮ አላችሁት፣ የኦኬ ጃዝ ባንዱን መሪና ጊታሪስት ማለት ነው። ልክ ናችሁ፣ ግን ለጀማሪ ይከብዳል ባይ ነኝ። የ1985ቷን (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች ናቸው) የፍራንኮ ዘፈን «ማሪዮ» ውሰዱ፣ ከ10 ደቂቃ በላይ ናት፣ አሮጊት ላይ ተጠግቶ ስለሚኖር ጎረምሳ እያወራ ነው ሰውዬው፣ የኮንጎውን ቋንቋ ሊንጋላ የማይሰማ ሰው ግማሹ ቀልድ ያመልጠዋል። ሌላው ትልቅ ዘፋኝና ባንድ መሪ ታቡ ሌይም ቆንጆ ነው፣ በጣም ለስላሳ፣ እሁድ ከሰዓት ቡና ላይ የሚሰማ አይነት።

ማንጉዋና ግን የሁለቱም ባንድ ውስጥ ኖሯል። ወላጆቹ አንጎላውያን ናቸው፣ እሱ የ1945 የኪንሻሳ ልጅ። በ1963 ገና ጎረምሳ ሆኖ ታቡ ሌይ ጋ ጀመረና በ1972 ፍራንኮ ጋ ኦኬ ጃዝ ገባ፣ ይሄ ማለት በቃ ከጊዮርጊስ ወደ ቡና መዛወር በሉት ደጋፊው ተቃጥሏል 😂 ከዛ ደሞ ወደ ምዕራብ አፍሪካ ወጥቶ አቢጃን ላይ አፍሪካን ኦል ስታርስ የሚባል ባንድ ይዞ ፈጠን ያለ ሩምባ መጫወት ጀመረ። አንድ ቦታ ስለማይቀመጥ ተጓዥ እርግብ ነው የሚሉት። ድምፁ አይጮህም፣ ቃሉ ጥርት ብሎ ይወጣል፣ በሊንጋላም በፖርቱጋልኛም በፈረንሳይኛም ይዘፍናል።

ቀዝቀዝ ያለ ለሚወድ የኦኬ ጃዙ ጊታሪስት ሲማሮ የደረሳት «ኤባሌ ያ ዛየር»። መጨፈር ለሚፈልግ «ሱዛና ኩሊባሊ» እና «ማሪያ ቴቦ»። አኮርዲዮን ያለበት ረጋ ያለ ነገር ከሆነ የ1998ቱ አልበም «ጋሎ ኔግሮ»፣ እኔ ሌሊት ስሰራ እሱን ነው የምከፍተው።

አንድ ነገር ደሞ፣ የድሮዎቹ ትንንሽ ሸክላ ላይ ነው የወጡት፣ አንዱ ገጽ ስለማይበቃ ዘፈኑ ሁለት ቦታ ይቆረጥ ነበር፣ ሰበን የሚሉት ግጥሙ አልቆ ጊታሮቹ ብቻቸውን እየተሽከረከሩ ወደ ጭፈራ የሚገቡበት ክፍል ብዙ ጊዜ ሁለተኛው ገጽ ላይ ነው። ስለዚህ 4 ደቂቃ ላይ ከተቋረጠባችሁ ዋናውን አልሰማችሁም ማለት ነው፣ ክፍል 2ን ፈልጉ። ለዚህ ለዚህ ዩቲዩብ ይሻለኛል፣ ሁለቱን አገጣጥመው የሚጭኑ ሰዎች አሉ፣ አልበም ሙሉውን ለመስማት ግን ስፖቲፋይ ይመቻል። በስልክ ስፒከር ግን እንዳትሞክሩት ቤዙ ጥፍት ይላል፣ ኢርፎን አድርጉ።

አሁን ሌላው የኮንጎ ዘፋኝ ፓፓ ዌምባስ የሚል እንደሚመጣ አውቃለሁ፣ እሱን ሌላ ቀን እንጣላበታለን።