የጉዲፈቻ ዳታዬ አበደብኝ፣ የመመረቂያ ጽሑፌ ዲፌንስ ሐሙስ ነው!

ተመራቂዋ፦
እባካችሁ ድረሱልኝ። ርዕሴ በጉዲፈቻ ያደጉ ታዳጊዎች ማንነትና ከቤተሰብ ጋር ያላቸው ቅርበት ነው። መጠይቁን ያስሞላሁት ክፍል ውስጥ ነው፣ ስም የለበትም። «በጉዲፈቻ ነው ያደግኩት» ያሉት 23 ናቸው። ለራሳቸው ያላቸው ግምት ከሌሎቹ ሲነጻጸር መሬት ወርዷል፤ መጠጡ፣ ድብድቡ፣ ከቤት መጥፋቱ ደግሞ ጣሪያ ነክቷል። አማካሪዬ «ይሄን ይዘሽ እንዳትቀርቢ» ብለው ስልኩን ዘጉት። ቲ ቴስቱን (የሁለቱን ቡድን አማካይ የሚያነጻጽረውን ስሌት) ሦስቴ ደገምኩት፣ ያው ነው።

ቁጥር ወዳጅ፦
ለራስ የሚሰጥ ግምት የሚለካበትን የሮዘንበርግን መለኪያ ከሆነ የተጠቀምሽው ከ10ሩ ጥያቄ 5ቱ አሉታዊ ናቸው። እነሱ ላይ መስማማት ዝቅተኛ ግምት ስለሆነ፣ ነጥባቸውን ገልብጠሻል?

ተመራቂዋ፦
ገልብጫለሁ።

መምህሩ፦
ልጄ፣ መጀመሪያ ንድፈ ሐሳቡን አጥብቂ። የሥነ ልቦና ሊቁ ኤሪክሰን የጉርምስና ዋናው ሥራ ማንነትን ማበጀት ነው ብሏል። ማርሻ የተባለው ተመራማሪ ደግሞ በፈረንጆቹ 1966 አራት ቦታ ከፈለው፦ ያልፈለገም ያልወሰነም፣ የተሰጠውን ሳይመረምር የያዘ፣ ገና በፍለጋ ላይ ያለ፣ ፈልጎ የወሰነ። በጉዲፈቻ ያደገ ልጅ እዚህ ላይ «ለምን ሰጡኝ? ማንን ነው የምመስለው?» የሚል ይጨመርበታል። ኪርክ ደግሞ በ1964 ልዩነቱን የሚቀበሉና የሚክዱ አሳዳጊ ወላጆችን ለይቶ አሳይቷል። ይህ ሁሉ ምዕራፍ ሁለት ውስጥ አለ?

ተመራቂዋ፦
አለ ጋሼ። የተቃጠልኩት ምዕራፍ አራት፣ ውጤቱ ላይ ነው።

ሞገደኛው፦
ለምንድነው መጀመሪያውኑ የምታነጻጽሪው? ዩፈርና ቫን አይዘንዶርን በ2007 ብዙ ጥናቶችን አንድ ላይ አድርገው ሲመዝኑ በጉዲፈቻ ባደጉና ባላደጉ መካከል ለራስ በሚሰጥ ግምት ልዩነት አላገኙም። እነ ግሮተቫንትና ማክሮይ 190 አሳዳጊ ቤተሰቦችን ይዘው ዓመታት ሲከታተሉ የጠየቁት ሌላ ነው፤ እዚያው በጉዲፈቻ ባደጉት መካከል ልዩነት የሚያመጣው ምንድነው? ከወላጅ እናት ጋር መገናኘቱ? እቤት ውስጥ ጉዳዩ በግልጽ መወራቱ? የጉዲፈቻ ተመራማሪው ብሮድዚንስኪ መገናኘቱንና መወራቱን አታምታቱ ይላል። ያንቺ ጥያቄ «ማን ይበልጣል» ነው የሚመስለው።

ተመራቂዋ፦
ወንድሜ ፕሮፖዛሉ ከጸደቀ ዓመት ሊሞላው ነው። ሐሙስ!!

ቁጥር ወዳጅ፦
እኔ አሁንም መገልበጡን አረጋግጪ ነው የምለው።

ሳቂታው፦
እኔ ዘጠነኛ ክፍል እያለሁ እንዲህ ዓይነት ወረቀት ሲመጣ ቁመቴን ሁለት ሜትር ከአርባ፣ ልጆቼን አራት ብዬ ሞላሁ። ጓደኛዬ «ዓይነ ስውር ነኝ» ብሎ ራሱ አንብቦ ራሱ ሞላ። ይቅርታ፣ ከርዕስ ወጣሁ።

የሌሊት ወፍ፦
ኧረ አልወጣህም! መልሱን ነው የተናገርከው። አድ ሄልዝ የተባለው የአሜሪካ ታዳጊዎች ጤና ትልቅ ጥናት የገጠመው ይኸው ነው። ታዳጊዎቹ መጀመሪያ ክፍል ውስጥ በወረቀት ሞሉ፣ በኋላ ከፊሎቹ ቤት ተሄዶ ወላጅም ተጠየቀ። ፋንና ባልደረቦቹ በ2006 እንዳወጡት፣ ክፍል ውስጥ በጉዲፈቻ ነኝ ካሉት ከመቶ 19 ያህሉ ቤት ሲጣራ ውሸት ሆኖ ተገኘ። ቀልደኛ ደግሞ በአንድ ጥያቄ አይበቃውም፤ መጠጡንም ድብድቡንም መጨረሻውን ቁጥር ያከብባል። በብዙ መቶ ልጅ ውስጥ አምስት ቀልደኛ አይታይም፣ በ23 ውስጥ ግን አማካዩን ይዞት ይሄዳል። (መገልበጥ ብትረሺ ኖሮ ሁለቱም ቡድን ነበር የሚበላሸው።) ወረቀቶቹን አውጪና በዓይንሽ እያቸው።

ሞገደኛው፦
ጥሩ! የተቸገረ ልጅ ሁሉ ቀልደኛ ተብሎ ሊጣል ነው?

የሌሊት ወፍ፦
ልክ ነህ፣ ለዚህ ነው መጣያው ደንብ ከውጤቱ ጋር መነካካት የሌለበት። በዕድሜ፣ በቁመት፣ በወንድምና እህት ብዛት፣ እርስ በርስ በሚጋጭ መልስ ብቻ ይወሰን። ከዚያ ሳይወጡና ከወጡ በኋላ ያለውን ሁለቱንም ውጤት አቅርቢ። ጥያቄውስ እንዴት ነበር የተጻፈው?

ተመራቂዋ፦
«ያደግከው/ሽው በጉዲፈቻ ነው? አዎ/አይ»። ይኸው ነው።

የሌሊት ወፍ፦
አክስቱ ያሳደገችውም የእንጀራ አባት ያለውም «አዎ» ሊል ይችላል፤ ያልተነገረው ደግሞ «አይ» ይላል። የጥናቱ ውስንነት ውስጥ ራስሽ ጻፊው፣ ፈታኞቹ ሳይቀድሙሽ።

ተመራቂዋ፦
ወረቀቶቹን ወለል ላይ ዘርግቻለሁ። አንዱ ዕድሜው 15፣ ወንድምና እህት 40። ሌላው ገጹን ሙሉ «5»ን በአንድ መስመር አስምሮ ወርዶ ዳር ላይ መኪና ሥሏል። እስካሁን አራት አገኘሁ። አንዷ ግን ነጥቧ ከሁሉም የወረደው ናት፣ ጥግ ላይ በእርሳስ «እማዬን ብጠይቃት ታለቅሳለች» ብላ ጽፋ ልትሰርዘው ሞክራለች። እቺንስ?

የሌሊት ወፍ፦
ደንቡ ካልነካት ትቆያለች።

ሳቂታው፦
ሁለት ሜትር ከአርባ ካገኘሽ እኔ አይደለሁም።

አዲስ ገቢ፦
እኔ መጠይቄን ገና አልበተንኩም። ቀልደኛ መያዣ አስቀድሞ ማስገባት ይቻላል?

ቁጥር ወዳጅ፦
ይቻላል። መሀል ላይ «እዚህ ጥያቄ ላይ 2ን አክብብ» የሚል አንድ አስገባ። አሉታዊዎቹን መገልበጥም እንዳትረሳ።