ቮልሴ ካልደገምኩላት ፍሬን አትይዝም

የሸዋበሩ ቮልስ፦
ሰላም ቤተሰብ። ደሴ ግቢያችን ውስጥ የአባቴን የ1965 ሞዴል ቮልስ ፈትቼ እየገጠምኩ ነው። ሞተሩ ተነስቷል፣ ያስቸገረኝ ፍሬኑ ነው። ማስተሩ (ፔዳሉ ሲረገጥ ዘይቱን የሚገፋው)፣ የአራቱም እግር ጎሚኒ፣ ጎማውን የሚይዘው ሸራ ሁሉ አዲስ ነው። መጀመሪያ ስረግጥ ፔዳሉ ወለል ሊነካ ትንሽ ይቀረዋል። ወዲያው ስደግመው ከላይ ይይዛል፣ ድንጋይ ነው። መስመሩ ውስጥ አየር የገባ መስሎኝ ሦስቴ አስወጣሁ። "ርገጪ፣ ያዢ፣ ልቀቂ" ስላት የዋልኩት እህቴ አሁን ስጠራት አትሰማም። ልናዘዝ፦ የኋላው የፍሬን ቱቦ ዝጎ ስለነበር በፍሪጅ መዳብ ቱቦ ቀይሬዋለሁ። ቅዳሜ የሃረጎን ቁልቁለት ወርጄ ኮምቦልቻ ልገባባት አስቤ ነበር።

ሰኞ ገበያ፦
ማስተሩ ነው። አዲስ ሁሉ ደህና አይደለም፣ ቀይረው።

የኮምቦልቻው መካኒክ፦
አብሽር ልጄ፣ ማስተሩን ተወው። ማስተር ቢበላሽ ረግጠህ ስታቆየው ቀስ እያለ ይሰምጣል። አየር ቢሆን ደጋግመህም እንደ ስፖንጅ ይለመጥ ነበር። ያንተ ደረቅ ብሎ ከቆመ ሸራው ከታምቡሩ (ከጎማው ጋር ከሚዞረው ከበሮ) ርቋል። የመጀመሪያው ርግጫ ክፍተቱን ሲሞላ ያልቃል። በክሪክ አንሳና በታምቡሩ ቀዳዳ ካቻቢቴ አስገብተህ የማስተካከያውን ጥርስ አዙር። እያንዳንዱ እግር ሁለት ማስተካከያ አለው፣ አንዱን ብቻ ነክተህ እንዳትነሳ። ጎማው እስኪታሰር አጥብቅ፣ ከዚያ 3 ወይም 4 ጥርስ መልስ።

መዳቡን ግን ዛሬውኑ አውጣው! መዳብ በንዝረት እየደረቀ ይሄድና አፉ ላይ ይሰነጠቃል። የዚያ ዘመን ቮልስ የፍሬን መስመሯ አንድ ነው። የኋላው ከፈሰሰ የፊቱም አብሮ ይሄዳል። ሃረጎ መጠምዘዣ ላይ እጅ ፍሬን ይዘህ ልትቀር ነው? 4.75 ሚሊ የብረት ፍሬን ቱቦ አሠራ።

ሰኞ ገበያ፦
እሺ ጋሼ፣ ተሸነፍኩ። ቱቦውን ስትቀይር አየሩን ከማስተሩ ከሚርቀው እግር ጀምር፦ ቀኝ ኋላ፣ ግራ ኋላ፣ ቀኝ ፊት፣ ግራ ፊት።

የሸዋበሩ ቮልስ፦
ጋሼ፣ እጅዎ ይባረክ። ቀኝ ኋላው ብቻ 14 ጥርስ ተጠጋ! አሁን በመጀመሪያው ይይዛል። መዳቡን ስፈታ ከማሰሪያው ነት ሥር ቀለሙ አብጦ በጥፍሬ ተላጠ፤ ዘይት እያላበው ኖሯል፣ መሬት ላይ ጠብታ እንኳ አላየሁም። የብረቱ ቱቦ ነገ ይደርሳል። ቅዳሜ ሃረጎ ቀርቷል፣ ሰፈር ውስጥ እሞክራታለሁ። እህቴ ለመርገጥ ተስማምታለች፣ ለመሳፈር ግን እምቢ ብላለች።