«ዋሽንግተን» ማለት የማጠቢያ ከተማ ነው ወይስ ሌላ?

ጠያቂዋ ከአሌክሳንድሪያ
ሰላም ለዚህ ቤት። ልጄ ስድስተኛ ክፍል ናት። አንድ የእንግሊዝ የቤተሰብ ስም መርጣ ከየት እንደ መጣ ጽፋ እንድታቀርብ ታዘዘች። ከዋሽንግተን ዲሲ በፖቶማክ ወንዝ ማዶ ስለምንኖር ይመስለኛል «ዋሽንግተን»ን መረጠች። «እማዬ፣ ዋሽ ማለት ማጠብ፣ ታውን ማለት ከተማ፣ በቃ የማጠቢያ ከተማ ማለት ነው» አለችኝ። ጎበዝ ብዬ አለፍኩ፤ ማታ ግን ከነከነኝ። አባቷ ደግሞ «ዋሽንት ከሚለው የወጣ ነው» እያለ ያፌዝብኛል። ነገ ትምህርት ቤት ሄዳ እንዳታፍር የምታውቁ እርዱኝ።

የቆሎ ተማሪ
እህቴ፣ ባልሽም ልጅሽም በጆሮ ነው የፈቱት፤ የዋሽንቱ ቢያንስ ዜማ አለው። ማጠብ የሚባል ነገር የለበትም። ስሙ መጀመሪያ የሰው አልነበረም፤ በሰሜን ምሥራቅ እንግሊዝ፣ ያኔ በደርሃም ሥር የነበረች የአንዲት መንደር ስም ነበር። በድሮው እንግሊዝኛ ሦስት ነገር ተጣብቆበታል፤ «ሁዋሳ» የሰው ስም፣ «ኢንግ» እና «ቱን»።

ከኋላ ልጀምር። «ቱን» ዛሬ ታውን የሚሉት ነው፤ ያኔ ግን ከተማ ማለት አልነበረም። ጀርመኖች እስከ ዛሬ አጥርን «ጻውን» ይላሉ፤ የአንድ ግንድ ቃል ነው። እንግሊዞቹ ዘንድ መጀመሪያ አጥር፣ ቀጥሎ የታጠረው ግቢ፣ ከዚያ ግቢና እርሻው ባንድነት፣ ከዚያ መንደር፣ በመጨረሻ ከተማ ሆነ። አይግረማችሁ፤ የእኛም «ከተማ» እኮ ንጉሥ ከነጦሩ የሚከትምበት ሰፈር ነበር። ድንኳኑ ተነቅሎ ቃሉ ቀረ።

«ኢንግ»ን ለሌላ ሰው ማስረዳት አስቸጋሪ ነው፤ ለአማርኛ ተናጋሪ ግን ባንድ ቃል ያልቃል፦ «እነ»። «እነ አበበ ቤት ነኝ» ስንል አበበን ብቻ አይደለም፤ ሚስቱን፣ ልጆቹን፣ በሩ ላይ የሚውለውን ዘመድ ሁሉ ይዘን ነው። ስለዚህ ቃል በቃል «የእነ ሁዋሳ ግቢ» ብላ ትጻፍ። ሰውየውን ብቻ ይዘው «በሁዋሳ ስም የተጠራው ርስት» የሚሉም አሉ፤ እኔ የ«እነ»ው ይጥመኛል።

ሻይ በሎሚ
ሁዋሳ???? ሃሃሃ ሀዋሳ እዚያ ድረስ ሄዳለች ማለት ነው? አሜሪካን ያገኘነው እኛ ነን በቃ።

የቆሎ ተማሪ
ይሄን ብለህ እንደምትመጣ አውቄ ነበር። ሀዋሳ የሲዳማ ናት፤ ያኛው ሁዋሳ ከሺህ ዓመት በፊት የነበረ የአንግሎ ሳክሰን ገበሬ ወይም ጎበዝ አለቃ። ድምፅ ስለገጠመ ዘመድ የሚሆን ቢሆን ኖሮ ዋሽንቱም ልክ ነበር።

የኔታ ምዕራፍ
ልጆቼ፣ ሰሙን ፈታችሁ፤ ወርቁ ገና ነው። (ዓመቶቹን ሁሉ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር አንብቡ።)

ያ ቤተሰብ ሲነሣ ዋሽንግተን አይባልም ነበር። በ1183 የደርሃሙ ጳጳስ የርስታቸውን ሁሉ ገባርና ግብር በመዝገብ አስጻፉ፤ ቦልደን ቡክ ይባላል። እዚያ ላይ ዊልያም የተባለ ባላባት ሃርትበርን የምትባል ርስቱን ለጳጳሱ ለቆ፣ በለውጡ ዌሲንግተንን ይዞ ይገኛል። ቤተ ክርስቲያኑና የቤተ ክርስቲያኑ መሬት ከለውጡ ውጭ ናቸው። ግብሩ 4 ፓውንድ፤ በላዩም ጳጳሱ ታላቁን አደን ሲወጡ አራት የአደን ውሻ ይዞ መከተል።

ሰውየው እስከዚያ «ዊልያም ደ ሃርትበርን» ነበር። መሬቱን ሲለውጥ ስሙም አብሮ ተለወጠና «ደ ዌሲንግተን» ተባለ። «ደ» ኖርማኖች በ1066 ይዘዋት የገቡ የፈረንሳይኛ ቃል ናት፤ በግእዙ «ዘ» ብላችሁ አንብቧት። አባ ጊዮርጊስ ዘጋሥጫ እንደምንለው። ልዩነቱ፣ መነኩሴ ስሙን የሚያወርሰው ልጅ የለውም። የዊልያም «ዘ» ግን ለልጁ፣ ከልጁም ለልጅ ልጁ ወረደች። እየቆየች «ደ»ዋ ረገፈችና ከዚያች መንደር ርቀው የሄዱት እንኳ የመንደሯን ስም ተሸክመው ቀሩ። የቤተሰብ ስም የሚባለው ነገር እንግሊዝ አገር ብዙውን ጊዜ በዚህ መንገድ ነው የረጋው፤ ሰውየው ከየት እንደ መጣ የሚነግር ምልክት ነበር፤ ልጁ ከአባቱ ሌላ ከየትም ባልመጣ ጊዜ ምልክቱ ስም ይሆናል።

አጻጻፉ ደግሞ የጸሐፊው ፈቃድ ነበር፤ ዌሲንግተን፣ ዋሲንግተን፣ ዋሽንግተን። «ሰ»ዋ ወደ «ሸ» የዞረችው በመንገድ ላይ ነው።

ሻይ በሎሚ
የኔታ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ዊልያም ርስቱን ባይለውጥ ኖሮ ዛሬ የአሜሪካ ዋና ከተማ ሃርትበርን ልትባል ነበር? ሃርትበርን እኮ በእንግሊዝኛ ቃር ነው! «የት ትኖራለህ?» «ቃር፣ ዲሲ።»

የኔታ ምዕራፍ
አንተ ልጅ፣ ሳቅኩ። የዊልያም ሃርትበርን ግን ሌላ ነው፤ «ሃርት» ወንድ አጋዘን፣ «በርን» ጅረት። አጋዘን የሚጠጣበት ወንዝ እንደ ማለት። ቃር የሚሆነው ላንተ ነው።

ብርድ የበላው
እኔ ለዚያችው መንደር ቅርብ ነኝ፣ ሱንደርላንድ። ዋሽንግተን ዛሬ የሱንደርላንድ አካል ናት፤ የኒሳን ፋብሪካ ደጃፏ ላይ ነው። ዊልያም የኖረበት ቦታ ላይ ኦልድ ሆል የሚባል የድንጋይ ቤት አለ። አሁን የሚታየው አብዛኛው የ1600ዎቹ ሥራ ነው፤ የጥንቱ የሚባሉት ወደ ወጥ ቤት የሚያስገቡት ቅስቶች ናቸው። በአሜሪካ ስም እንዲህ ይከበራል ብላችሁ አታስቡ፤ አንድ ሰሞን የደሃ ቤተሰቦች ክፍል ለክፍል የሚከራዩት ቤት ነበር። በ1936 ለመኖሪያ አይሆንም ተብሎ ሊፈርስ ሲል የሰፈሩ ሰዎች ተረባርበው አተረፉት። በየዓመቱ ጁላይ 4 ሥነ ሥርዓት አለ። እንግሊዝ ውስጥ የአሜሪካ ነጻነት ሲከበር ማየት ራሱን የቻለ ቀልድ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። የቤተሰቡ ጋሻ ላይ የሚሣለው ምልክት ነጭ መደብ ነው፤ ሁለት ቀይ አግድም መስመር፣ ከላይ ሦስት ቀይ ኮከብ።

ጠያቂዋ ከአሌክሳንድሪያ
ቆይ ቆይ። ይሄ የዲሲ ባንዲራ አይደለም እንዴ? ሥራ ቦታዬ በር ላይ በየቀኑ የማየው! አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ሦስቱ ኮከብ ምን ይሆን ስል ነበር።

የቆሎ ተማሪ
ራሱ ነው። ከተማዋ በ1938 የቤተሰቡን ምልክት እንዳለ ወስዳ ባንዲራ አደረገችው።

አሁን ወደ ስደቱ። ከደርሃም አንዱ ቅርንጫፍ ወደ ላንካሸር ወረደ፤ ከዚያ ሎረንስ ዋሽንግተን የሚባል የበግ ጠጉር ነጋዴ ኖርዛምፕተን ገብቶ በለጸገ። 1532 እና 1545 ላይ ከንቲባ ነበር። ንጉሥ ሄንሪ 8ኛ ገዳማቱን ዘግቶ መሬታቸውን ሲቸበችብ ሎረንስ በ1539 ሰልግሬቭ የሚባለውን የገዳም ርስት ገዛ። የመነኮሳት መሬት መሆኑን ልብ በሉ፤ የኔታ ይዘኑ።

ከሎረንስ በኋላ ቤቱ እየሳሳ ሄደ። ከዘሩ አንዱ፣ እሱም ሎረንስ፣ ኤሴክስ ውስጥ የፐርሊ ቄስ ነበር። በንጉሡና በፓርላማው ጦርነት ጊዜ፣ በ1643፣ ፒዩሪታኖቹ (የፓርላማው ወገን የሆኑት ጥብቅ ፕሮቴስታንቶች) «ጠላ ቤት የሚያዘወትር» ብለው ከደብሩ አባረሩት። እውነት ይጠጣ እንደ ሆነ እንጃ፤ የንጉሥ ወገን ቄስ ማባረሪያ ሰበብ ያኔ አይጠፋም ነበር። ልጁ ጆን ርስት የለው፣ ደብር የለው፤ ወደ ንግድ መርከብ ገባ። ትንባሆ ሊጭኑ ቨርጂኒያ መጡ። ሊመለሱ ሲሉ በ1657 መጀመሪያ መርከቧ ፖቶማክ ወንዝ ውስጥ አሸዋ ላይ ተቀረቀረች፣ ማዕበልም አሰጠማት። ጆን በዚያው ቀረ። የአንድ ባለመሬት ልጅ አግብቶ አማቹ 700 ኤከር ሰጡት። በ1732 የተወለደው ጆርጅ ዋሽንግተን የዚህ የጆን የልጅ ልጅ ልጅ ነው። እህቴ፣ ልጅሽ ይሄን ትያዝ፦ ከቤታችሁ የምታዩት ወንዝ ነው ስሙን አሜሪካ ያስቀረው።

የኔታ ምዕራፍ
ስሙ ግን እዚያ አላበቃም። ጆርጅ የአብራክ ልጅ አልነበረውም። ዛሬ ስሙን ተሸክመው የሚሄዱት እነማን ናቸው? በ2000 የአሜሪካ የሕዝብ ቆጠራ ዋሽንግተን የሚል የቤተሰብ ስም ያላቸው ከ163 ሺህ በላይ ነበሩ፤ ከነዚያ 90 በመቶ ገደማው ጥቁሮች ናቸው።

ሰው ሲሰማ «ጌታቸው የሰጣቸው ነው» ይላል። የጆርጅ ርስት ላይ እርሱ በሞተበት በ1799 ባርነት ውስጥ የነበሩት 317 ነፍስ ናቸው፤ 163 ሺህ ሰው ሁሉ ከነሱ አልወረደም። አብዛኛው በ1865 ባርነት ሲቀር፣ ለመመዝገቢያ፣ ለጋብቻ፣ ለደመወዝ «ሁለተኛ ስምህ?» ሲባል የመረጠው ስም ይመስላል።

ስመ ጥሩው ጥቁር አሜሪካዊ መምህር ቡከር ዋሽንግተን የነገረን አለ። ከባርነት ሲወጣ ልጅ ነው፤ የሚያውቀው ስም «ቡከር» ብቻ። ትምህርት ቤት ገባ፤ መምህሩ ስም ሲጠራ ልጁ ሁሉ ሁለት ስም አለው፣ ሦስት ያለውም አለ። ተራው እስኪደርስ ልቡ ተሰቀለ። መምህሩ ሙሉ ስሙን ሲጠይቁት፣ ሲጠራበት እንደኖረ ሰው ረጋ ብሎ «ቡከር ዋሽንግተን» አለ። የእንጀራ አባቱ የመጠሪያ ስም ዋሽንግተን ነበር። ኋላ እናቱ ሲወለድ «ቡከር ታሊያፌሮ» ብላው እንደነበር ሰማ፤ በመሐል አስገባው። (ታሊያፌሮ ተብሎ ይጻፋል፤ ቨርጂኒያዎች «ቶሊቨር» ብለው ነው የሚያነቡት። እኛ ስለ ሀሌታውና ሐመሩ እንጨቃጨቃለን።)

ሻይ በሎሚ
የኔታ ይሄኛው ልብ ይነካል። እኔ ግን አንድ ነገር ሳልል አልተኛም። ያ ጆርጅ በልጅነቱ የቼሪ ዛፉን ቆርጦ «አባዬ፣ መዋሸት አልችልም» አለ የሚሉት... ዋሽንግተን አልዋሽም አለ! በአማርኛ ብቻ ነው የሚሠራው!

የቆሎ ተማሪ
ቅኔህ ጥሩ ነው፤ ታሪኩ ግን ራሱ ውሸት ነው። ዊምስ የሚባል የመጽሐፍ አዟሪ ቄስ ነው በ1806 የጨመረበት። ዋሽንግተን አልዋሸ ይሆናል፣ ዋሹበት እንጂ።

ጠያቂዋ ከአሌክሳንድሪያ
እግዜር ይስጥልኝ ሁላችሁንም። የኔታ፣ ስለ ቡከር የጻፉትን ለልጄ አነበብኩላት። ዝም ብላ ቆየችና «የእኛስ የቤተሰብ ስም ማን ነው?» አለች። ምን ልበላት? እኔ ስመጣ ፎርሙ ላይ የአያቴን ስም መጨረሻ ላይ ጻፍኩ፣ አባቷ የአባቱን ጻፈ። እሷ በአባቷ አባት ትጠራለች። ታናሽ ወንድሟ ሲወለድ ደግሞ ወረቀቱን የሞላችው ሠራተኛ የአባትየውን የመጠሪያ ስም የቤተሰብ ስም አድርጋ አሳለፈችው። አንድ ቤት ውስጥ አራት ሰው፣ ሦስት «ላስት ኔም»። አውሮፕላን ማረፊያ ላይ ልጆቹ የኔ መሆናቸውን ለማስረዳት ቆሜ አውቃለሁ።

የኔታ ምዕራፍ
ልጄ፣ እውነቱን ንገሪያት፤ የቤተሰብ ስም የለንም በያት። ያለን የአባት ስም ነው፤ በየትውልዱ ይለወጣል፣ ወደ ኋላ ሲቆጠር ግን አይበጠስም። ሰባት ቤት ድረስ ቁጠሪላትና ወረቀቷ ላይ ታስፍረው። ዊልያም ዘሃርትበርን አባቱ ማን እንደሆነ ከስሙ አይታወቅም፤ የሷ ግን ይታወቃል።

ብርድ የበላው
አርእስቱን «የእነ ሁዋሳ ግቢ» ትበለው። እና እባካችሁ «ዋሺንግተን» ብላችሁ አትጻፉ፣ ዓይኔን ይወጋኛል።

ሻይ በሎሚ
ዋሺንግተን ዋሺንግተን ዋሺንግተን። ነገ ሊንከንን እንፍታ?

የቆሎ ተማሪ
ሊንከን ሌላ ርዕስ ይከፈትለት። «ሊን» ከእንግሊዞቹ በፊት በነበሩት በብሪቶኖቹ ቋንቋ ኩሬ ነው፣ «ከን» የምትለዋ ደግሞ የሮማውያን «ኮሎኒያ» (የሰፋሪዎች ከተማ) ርዝራዥ ናት። እሱን በሻይ አንጨርሰውም።