ዳኛን የሚያስገድደው የትኛው ነው? የቤት ሽያጭ ክርክር፣ ለገጣፎ

የለገጣፎዋ
ሰላም ለሁላችሁ። ለገጣፎ ስላለ ቤት ሽያጭ በገዢ በኩል ክስ እያዘጋጀን ነው። ውሉ በጽሑፍ ነው፣ ምስክሮችም ፈርመዋል፤ ውልና ማስረጃ ግን አልተመዘገበም። የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1723 እና 2877 (የማይንቀሳቀስ ንብረት ውል በምን ዓይነት ፎርም እንደሚደረግ የሚናገሩት)፣ ሁለት የሚቃረኑ የሰበር (የሕግ ስህተትን የሚያርመው ችሎት) ውሳኔዎች፣ አንድ መመሪያና የዩኒቨርሲቲ ማስተማሪያ ይዘናል። ዳኛው የግድ የሚከተለው የትኛውን ነው? ለማሳመኛ ብቻ የሚሆነውስ?

ነገረ ፈጅ
ማስተማሪያው ለማሳመኛ ነው። ዳኛው ሊስማማበት ይችላል፤ ባይቀበለው ግን በዚህ ምክንያት ውሳኔው አይሻርም። ሐተታ ዘምክንያትም (ሕጉ ለምን እንደወጣ የሚያብራራው ሰነድ) እንዲሁ፤ የሕጉ ቃል አሻሚ ሲሆን ይረዳል እንጂ ግልጹን ቃል አይለውጥም።

አስገዳጁ ከላይ ወደ ታች ሕገ መንግሥቱ (አንቀጽ 9)፣ አዋጅ፣ ደንብ፣ መመሪያ ነው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ከአዋጅ እኩል ነው። ብዙ ሰው የሚሰናከለው መመሪያ ላይ ነው። መግቢያውን አንብቡ፦ ያወጣው አካል ሥልጣኑን ከየትኛው አዋጅ አገኘ? አዋጁ ተሽሮ ከሆነ፣ አዲሱ አዋጅ በመሸጋገሪያ ድንጋጌው መመሪያውን አቆይቶታል ወይ?

ሰበር አንባቢ
የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት ከአምስት ባላነሱ ዳኞች የሰጠው የሕግ ትርጉም የክልል ፍርድ ቤቶችንም ያስገድዳል። ለዚህ እስከ ዛሬ አዋጅ 454/1997ን የሚጠቅስ አለ፤ የሚሠራው 1234/2013 ነው።

ውሳኔውን ስትከፍቱ መጀመሪያ «ዳኞች» ከሚለው ሥር ስሞቹን ቁጠሩ። ሦስት ከሆኑ ጉዳዩ ያስቀርባል አያስቀርብም (ለአምስቱ ዳኞች ይቅረብ ወይስ አይቅረብ) የሚለውን ያዩት ናቸው፣ አስገዳጅ ትርጉም የለበትም። ከውሳኔው በላይ በደማቁ የተጻፈችውን ማጠቃለያ ገልብጣችሁ አታስገቡ፤ ያቺ የአዘጋጆቹ ናት። አስገዳጁ ችሎቱ ጭብጡን ይዞ የመረመረበት ክፍል ነው። ከሳሽ መርታቱ ወይም መረታቱም አያስገድድም።

ወደ 1723 ስንመጣ፣ የሰበር መዝገብ ቁጥር 21448 (የሰበር ውሳኔዎች ስብስብ ቅጽ 4) የማይንቀሳቀስ ንብረት ሽያጭ ውል ፍርድ ቤት ወይም ለማዋዋል ሥልጣን ባለው አካል ፊት ካልተመዘገበ አይጸናም ብሏል። በኋላ የመጡት ደግሞ ሻጩ ውሉን ማድረጉን ካልካደ፣ አለመመዝገቡ ብቻ ውሉን አያፈርሰውም አሉ። ስለዚህ ክርክራችሁ የሚዞረው በሻጩ መልስ ላይ ነው፦ ውሉን ያምናል ወይስ ይክዳል? ክሱን ስትጽፉ ክፍያ የተቀበለበትን ደረሰኝ፣ ቤቱን ያስረከበበትን ሰነድ አያይዙ፤ እንዲህ ተይዞ መካድ ይከብደዋል።

ከገላን
መመሪያው የማን ነው? ለገጣፎ የሸገር ከተማ አካል ነው፣ ኦሮሚያ። የአዲስ አበባ አስተዳደር መመሪያ ከሆነ እዚያ አይሠራም። የክልሉን ሕግ መገለጠ ኦሮሚያ (የክልሉ የሕግ ጋዜጣ) ላይ ፈልጉ። (አዲስ አበባ ውስጥ ቢሆን ኖሮ ደግሞ በአስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ 1183/2012 መሠረት መመሪያው መመዝገቡንም ማጣራት ነበረባችሁ።) የፌዴራል አዋጅ ስትጠቅሱ የነጋሪት ጋዜጣውን የአማርኛ ቅጂ ያዙ፤ ከእንግሊዝኛው ቢለያይ የሚጸናው አማርኛው ነው።

የለገጣፎዋ
የአዲስ አበባ ነበር፣ አወጣነው። ሻጩ ቢክድና 21448ን ይዞ ቢመጣስ? በኋለኞቹ ተለውጧል ማለት እንችላለን?

ሰበር አንባቢ
አትበሉ። አስገዳጅ ትርጉም የሚለወጠው ከሰባት ባላነሱ ዳኞች በተሰየመ ችሎት ነው፤ በኋለኛው ላይ ሰባት ስም ካላያችሁ «ተለውጧል» የሚለው ቃል ይጎዳችኋል። «ፍሬ ነገሩ ይለያል» ብላችሁ ተከራከሩ፣ ልዩነቱንም በአንቀጽ ለይታችሁ ጻፉ። ከካደ ግን ሸክሙ ከባድ ነው፤ ከፍላችሁ ከሆነ የከፈላችሁት ገንዘብ እንዲመለስ በአማራጭ ጠይቁ።